የርኅራኄው ሒሳብ በማን ይከፈል?

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ፍራሻችንንና ከአሮጌ ገበያ የገዛነውን ቁሳቁስ በአንድ የአህያ ጋሪ ቆልለን ወደ ግቢ የምንመጣ ብዙዎች ነን። 20 ብር ለማስቀነስ ከባለጋሪው ጋር ሩብ ሰዓት የምንከራከር እኛ ነን፤ አህያዪቱ መንገድ ላይ ስትገተርና ጅራፍ ሲያርፍባት ደግሞ «አንተ ጨካኝ!» ብለን የምንጮኸውም እኛው ነን።

መቼም ይህ የሚያሳፍር ስለ ሆነ ሒሳቡን እንመልከተው። የአህያ ገጣባ ከጭካኔ ብቻ አይመጣም። የናይሎን ገመድ ከቆዳ ጠፍር ይረክሳል፤ ከሥሩ ንጣፍ ካልተደረገለት ግን በላብ የራሰውን ቆዳ እየላጠ ይገባል። ቁስሉ እንዲድን ዕረፍት ያስፈልጋል፤ አህያዪቱ ሳምንት ስታርፍ የባለጋሪው ቤት ሳምንት ይጦማል። ጭነቱ በግማሽ ይቀነስ ብንልም አንዱ ጉዞ ሁለት ይሆናል፤ ዋጋው ካልተጨመረ የቀን ገቢው በግማሽ ይወርዳል።

እንግሊዞችን በአሳማ እርባታ የገጠማቸው ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 እርጉዝ አሳማን ዞር ማለት እንኳ በማያስችል የብረት በረት መዝጋትን በሕግ ከለከሉ፤ ደግ አደረጉ። ነገር ግን የሰፊውን በረት ወጪ የተሸከመው አርቢው ነበር፤ ሸማቹ ክልከላው ካልደረሰባቸው አገሮች የሚመጣውን ርካሽ ሥጋ መግዛቱን አልተወም። ሌላም ችግር ተደምሮበት ብዙ አርቢ ሥራውን ጣለ። የአውሮፓ ኅብረት ተቀራራቢ ደንብ በሥራ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ሲባል ማረድን ከልክለዋል። በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ለሆነችው ኢትዮጵያ ይህ መልካም ዜና ነው። ውሳኔው ከቢላ ያድናት ይሆናል፤ ከገጣባ ግን አያድናትም፤ የጭነቱ ዋጋ የሚቆረጠው እዚሁ አሮጌ ገበያ ነውና።

ስለዚህ ማኅበራችን ባለጋሪዎቹን ጋብዞ በአንድ ጭነት ልክና በቁርጥ ዋጋ እንዲስማማ፣ ከዚያም ላይ ጥቂት ብር ለንጣፍና ለጠፍር እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የሆኑ ጓደኞቻችን ቁስል ለማጠብ እጃቸውን እንደማይሰስቱ እናምናለን።

«ተማሪ ከየት አምጥቶ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ የብዙዎቻችን ኪስ ባዶ ነው። ሆኖም እስከ ዛሬ በእኛ ፈንታ ሲከፍሉ የቆዩት ባለጋሪውና አህያዪቱ ናቸው። ጭማሪውን ፈጽሞ የማይችል ፍራሹን ተሸክሞ ይምጣ፤ ሁለት ሆነን እናግዘዋለን።