ለድግስ አድማቂ፣ ለሕመም ለማኝ

«ሕዝቡ ዳቦ አጥቶ እናንተ ስለ ግጥም ታወራላችሁ!» ይህችን አነጋገር ያልሰማ የኪነ ጥበብ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። በስብሰባ አዳራሽ ትነገራለች፤ በቢሮ ደጃፍ ትነገራለች፤ በቡና ቤት ጠረጴዛ ዙሪያማ እንደ ትልቅ ፍልስፍና ነው የምትቆጠረው። የሚገርመው ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ ዳቦ ያላጣ ሰው መሆኑ ነው። ዳቦ የሚያጣው ገበሬማ ሲያጭድ ያንጎራጉራል፣ ሲወቃ ያዜማል፣ የሞተበትንም በሙሾ ነው የሚቀብረው። ለእሱ ዜማ ከጠገበ በኋላ የሚመጣ ማወራረጃ ሳይሆን እንደ ማጭዱ የሥራ መሣሪያው ነው። ደቦ ያለ ዘፈን ሲካሄድ ያየ ካለ ይንገረን።

በ1927 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ ድንበር ሲከማች፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የጦር መሣሪያ የሚሸጥለት አጥቶ ይንከራተት ነበር። በዚያ ጭንቅ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ምን ተቋቋመ? የሀገር ፍቅር ማኅበር! እነ መኮንን ሀብተወልድ ሕዝቡን አደባባይ እየሰበሰቡ በንግግርና በዘፈን ይቀሰቅሱት ጀመር። በኋላ ቴያትር ቤት የሆነውና ዛሬ የምናውቀው ሀገር ፍቅር የተወለደው እንዲህ ነው። መድፍ ያጣ መንግሥት ዘፋኝ ጠራ። «ይህ የቅንጦት ነገር ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ እናስብበታለን» ያለ ሹም ስለመኖሩ አልሰማንም።

ጠላትስ ጥበብን እንዴት ገመገመው? በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረና አዲስ አበባ በደም ከታጠበች በኋላ፣ በተከታዩ መጋቢት ግራዚያኒ ወደ ሮም ቴሌግራም ላከ። በከተማይቱና በአካባቢዋ ያሉት ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና በዜማ ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ተይዘው እንዲጠፉ ማዘዙን ያስታውቃል። በዜማ ታሪክ የሚያወራ በእኛ ቋንቋ ከአዝማሪ ሌላ ማን ሊሆን ነው? አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ ጦር ባለ አንድ ጅማቱን ማሲንቆ ፈራ! የጥበብን ዋጋ ከእኛ ሹማምንት ይልቅ ግራዚያኒ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ብል ነውር ይሆንብኝ ይሆን?

ሩቅ ነው የሚል ካለ ቀረብ እንበል። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ጥበብ ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ጌጥ ብሎ ሰው የሚሰውር መንግሥት ይኖር ነበርን?

እርግጥ ነው፣ ደርግ ጥበብን ንቋል አይባልም። በየቀበሌው ኪነት አቋቁሟል፤ ከበሮና ዩኒፎርም አድሏል። ግን የወደደው የሚያሞግሰውን ነው። ይህ ፍቅር ከደርግ ጋር አብሮ ወድቋል የሚል ካለ የአንድ ዐውደ ጥናት መክፈቻ ላይ ይገኝና ይይ። ክቡርነታቸው እስኪመጡ ሙዚቀኛው ይቆያል፤ ሲገቡ ይጫወታል፤ «ገጣሚ እገሊት ደግሞ ፕሮግራማችንን በአጭር ግጥም ታደምቅልናለች» ይባላል፤ ቀጥሎ ዋናው ጉዳይ ይጀመራል። ግጥሟ ስለምን ነበር? አንድም ሰው አያስታውስም። ሻይ ዕረፍቱ ግን በቃለ ጉባኤ ላይ ይመዘገባል።

ወደ ገንዘብ እንምጣ፤ «ዳቦ» ባዮች የሚገባቸው ቋንቋ እሱ ከሆነ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሸክላ ነጋዴ የአገር ልጆችን ዘፈን ማሳተም ጀመረ። በጊዜው የሸክላ ማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። (አዎ፣ ያ ከላይ ያሞገስኩት ማኅበር! ተቋም ሲያረጅ የተወለደበትን ይረሳል።) አምሃ ክስም እስራትም ይመጣል ተብሎ ቢፈራለትም ደፈረ፤ በጥቂት ዓመታት ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ፤ በ1967 ዓ.ም. አገር ጥሎ ሄደ። እነዚያን ዘፈኖች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የፈረንሳይ አሳታሚ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እንደገና ማውጣት ጀመረ፤ የሙላቱ አስታጥቄም ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰማ። በ1977ቱ ረሀብ ሥዕል ብቻ ያውቀን የነበረ ዓለም በሳክስፎናችን ያውቀን ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። ከእነዚያ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ያደጉት በክቡር ዘበኛ፣ በፖሠራዊትና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ በመንግሥት ደመወዝና በመንግሥት ትራምፔት ነው። ያን ጊዜም «ለጡሩምባ የሚወጣው ብር ለምን ድልድይ አይሠራበትም?» ያለ ሒሳብ ሹም ሳይኖር አይቀርም። ድልድዩ ቢሠራ እስካሁን ሦስቴ ይጠገን ነበር፤ ጡሩምባው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ይሰማል።

ታዲያ ለባለጡሩምባው ምን ከፈልነው? ሕግ አላጣንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ደንግጓል፤ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ የጋራ አስተዳደር ማኅበር ሮያሊቲ የሚሰበስብበትን መንገድ ዘርግቷል። ወረቀቱ ያማረ ነው። ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ምሳ የሚበሉበትን ሆቴል ባለቤት እስቲ ይጠይቁልኝ፦ «ከጠዋት እስከ ማታ ለሚያዘፍኑት ዘፈን ለማን ከፈሉ?» ለመብራት ይከፍላል፤ ለውኃ ይከፍላል፤ ድምፅ ማጉያውንም በነጻ አልወሰደውም። ዘፈኑ ብቻ ከሰማይ የወረደ መና ነው! ሆቴሉን ብቻ ለምን እወቅሳለሁ፤ እኛስ በካሴቱ ዘመን ከጓደኛ እያስገለበጥን፣ በስልኩ ዘመን በብሉቱዝ እየተቀባበልን አይደል የኖርነው?

ቀጥሎ የሚሆነውን ሁላችንም አይተነዋል። ሰርጋችንን ያደመቀው ድምፃዊ ኩላሊቱን ይታመማል። የታክስ ከፋይ ሐኪም ቤት አይችለው፣ የውጭ አገር ሕክምና ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይነገራል፤ «የሕዝብ ልጅ ነውና ሕዝቡ ይድረስለት» ይባላል። ሕዝቡም፣ አይዋሽም፣ ይደርሳል። የእጁን ዋጋ ቢሰጡት ኖሮ በራሱ ገንዘብ ይታከም የነበረ ሰው ግን በአደባባይ ምጽዋት ተለመነለት። ብዙ ጊዜም የልመናውን ማስታወቂያ ከሥር የሚያጅበው ሙዚቃ የራሱ የሕመምተኛው ዘፈን ነው። ለእሱም የከፈለ የለም።