ነፍጥ ያላነሣ ሰው ስለ መከላከል ጦርነት ሊናገር ይገባዋልን?

ራሱ የማይዘምት ሰው ሌላውን «ተነሥ፣ አገርህን ተከላከል» ሊለው አይገባም የሚሉ ሰዎች ተቃውሞ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ በሌላው ደም መጀገን ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነውና። ይሁን እንጂ አሳቡ እስከ ፍጻሜው ቢመረመር፣ በጦርነት ጉዳይ የመፍረድ ሥልጣን ለባለ ነፍጡ ብቻ ተለይቶ ይሰጥና፣ ገበሬውና ካህኑ፣ እናቲቱና ሽማግሌው ስለ ጦርነት ቀርቶ ስለ ሰላም እንኳ የሚናገሩበት አንደበት ያጣሉ።

ደግሞም ወራሪ የሚያደርሰው መዓት ዘማቹን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላን መርዝ ባዘነበ ጊዜ እረኛውን ከወታደሩ አልለየም፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ጭፍጨፋም የወረደው መሣሪያ ባልያዘው ሕዝብ ላይ ነበር። እንግዲህ መከራውን የሚቀበል ሰው ስለ መከላከሉ እንዳይመክር መከልከል በምን ፍትሕ ይጸናል?

ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ነፍጥ ያላነሡ ጳጳስ ሲሆኑ፣ አርበኞችን እንዲያወግዙ በወራሪው ቢጠየቁ እምቢ በማለታቸው በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ያቋቋሙት ሲልቪያ ፓንክረስት ደግሞ የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት አጥብቀው የተቃወሙ ሴት ነበሩ። ጦርነትን መጥላትና የተወረረውን መደገፍ በአንድ ልብ አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ነገር ግን የተናጋሪው መብት ያለ ግዴታ አይጸናም። አስቀድሞ ጦርነቱ በእውነት የመከላከል መሆኑን ይመርምር፤ ወራሪ ሁሉ ራሱን ተበዳይ አድርጎ ያቀርባልና። የራሱን ልጅ ሸሽጎ የጎረቤቱን ልጅ አይላክ፤ ከሀብቱ ለስንቅ፣ ከጉልበቱ ለቁስለኛና ለሙት ልጅ ያካፍል። የሞተውን ቍጥር አይደብቅ፣ ድል ሳይገኝ ድል አያውጅ። ጠላት ከድንበር ከተመለሰ በኋላም መከላከሉ ወደ በቀል እንዳይለወጥ፣ ሕዝቡን ለክተት በጠራበት ድምፅ ለዕርቅ ይጥራ።

ይህን ሸክም ያልተሸከመ ሰው ነፍጥ ቢታጠቅም ወገኑን ወደ ሞት የመጥራት መብት የለውም፤ የተሸከመው ግን እጁ ባዶ በመሆኑ ብቻ አፉ ሊዘጋ አይገባም።