የአሮጌ ሞተር ባትሪና የሻጭ አማና

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። የአሮጌ ሞተር ሳይክል ባትሪ ነው። ነገር ግን የአንድ ሙስሊም ዲን ብዙ ጊዜ የሚፈተነው ከመስጊድ ውስጥ ይልቅ በእንዲህ ባሉ ትናንሽ ጉዳዮች፣ በሱቅ ባንኮኒ ላይ መሆኑን አንርሳ።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት፣ እዚህ ይርጋጨፌ፣ አንድ ጎረቤቴ ከመግሪብ በፊት ቤቴ መጣ። የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ የሆነ የጌዴኦ ወጣት ነው። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የተገዛች አሮጌ ያማሃ ሞተር አለችው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ እሸት ቡና ያሰባስባል። የዓመቱ ቀለብና የታናናሾቹ የትምህርት ወጪ የሚገኘው በእነዚያ ጥቂት ወራት ነው። የሞተሯ ባትሪ ሞቶበት ሌላ ገዝቶ ነበር። «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠለት ባትሪ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። በምሽት ኮረብታ ላይ መብራቱ ጠፍቶበት ከነጭነቱ ከመንገድ ሊወጣ ነበር፤ አላህ አተረፈው። እኔ ዘንድ የመጣው ግን ስለ አደጋው ሊያወራኝ አልነበረም።

«ጋሼ፣ የገዛሁት እኮ ከእናንተ ሰው ነው» አለኝ። «እነሱ በሚዛንና በዕቃ አያጭበረብሩም ብዬ ነው ሳላጣራ የወሰድኩት።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከገንዘቡ መጥፋት ይልቅ እኔን ያሳፈረኝ ይህ ንግግሩ ነው። ሰውየው የገዛው ባትሪውን ብቻ አልነበረም። በእኛ ላይ የነበረውን እምነትም ይዞ ነበር ወደ ሱቁ የገባው።

የባትሪውን ክዳኖች ከፍተን አየነው። ውስጡ ያለው ውሃ ደፍርሶ ቡናማ ሆኗል። የግንኙነት ጫፎቹ ላይ የቀድሞ ብሎን የቧጨረው ምልክት አለ። ላዩ ታጥቦ፣ አዲስ አሲድ ተሞልቶ፣ ቻርጅ ተደርጎ የተሸጠ ያገለገለ ባትሪ ነበር።

በማግስቱ አብረን ወደ ነጋዴው ሄድን። ነጋዴው ክፉ ሰው አይደለም። በጀመዓ የሚሰግድ፣ ለየቲም የሚሰጥ ሰው ነው። «እኔስ ምን ላድርግ? ለእኔም ከትልቅ ከተማ አዲስ ነው ተብሎ ነው የመጣልኝ። እኔ አላታለልኩም» አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ይሁንና ሸሪዓችን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ከሽያጩ በፊት በዕቃው ላይ የነበረ ጉድለት ኋላ ሲገኝ ገዢው ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ የፊቅህ ሊቃውንት ኺያረል ዐይብ ይሉታል። ሻጩ ጉድለቱን ባያውቅ ከኃጢአቱ ይድናል እንጂ ከኃላፊነቱ አይድንም። ለገዢው መልሶ፣ እርሱም በተራው ወደ ሸጠለት ሰው መሄድ አለበት። ይህንን በትሕትና ነገርነው። ነጋዴው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም መሳቢያውን ከፍቶ ገንዘቡን ቆጠረለት። አልሐምዱሊላህ። የእርሱ ገንዘብ ግን እስካሁን ከላይኛው ነጋዴ አልተመለሰለትም፤ በዚህም ምንዳውን ከአላህ ይጠብቃል።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛው የገዢው፣ ሁለተኛው የሻጩ ነው። በገዢው እንጀምር።

በመጀመሪያ ጥፋቱ የባትሪው መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ወጣቶች ሞተር አልነሳ ሲል በቀጥታ ባትሪ ፍለጋ ይሄዳሉ። ምክንያቱ ግን የዛገ ጫፍ፣ የላላ ብሎን፣ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም ቻርጅ የማያደርግ ሞተር ሊሆን ይችላል። ጫፎቹን በሞቀ ውሃና በብሩሽ አጽዱ፤ አድርቁና አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ላዩን ቫዝሊን ወይም ግራሶ ቀቡት። ከዚያ መካኒኩ በቴስተር ይለካ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ቁጥሩ ወደ 14 ቮልት ገደማ መውጣት አለበት። ካልወጣ ችግሩ ቻርጅ ማድረጊያው ላይ ነው፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በሳምንቱ ይሞታል።

ሁለተኛ፣ የሚገባውን ዓይነት እወቁ። አንዳንድ የቆዩ ሞተሮች በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። በእነርሱ ላይ 12 ቮልት ቢታሰር አምፖሉና ሌላው ዕቃ ይቃጠላል። የአሮጌውን ባትሪ ጽሑፍ አንብቡ። ለምሳሌ 12ኤን7 የሚል ካለ፣ 12 ቮልቱ ሲሆን 7 ደግሞ አምፔር ሰዓቱ፣ ማለትም የመያዝ አቅሙ ነው። ከዚህ ሌላ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ቁመቱን በማስመሪያ ለኩ። የፖዘቲቩ ጫፍ በቀኝ ይሁን በግራ ጻፉ። ይህንን በወረቀት ይዞ ዲላ ወይም ሐዋሳ የሚሄድ ሰው፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ ዘመዱ የሚልክ ሰው፣ ለአንድ ባትሪ ሁለት ጊዜ ትራንስፖርት አይከፍልም።

ሦስተኛ፣ ርካሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እንደተወደደ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ድሃው ያገለገለ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ለስሌት ያህል፣ 1,000 ብር ተገዝቶ ሦስት ወር የሚያገለግል ባትሪ በወር 333 ብር ያስወጣል። 2,400 ብር ተገዝቶ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ግን በወር 100 ብር ብቻ ነው። ርካሹ የትኛው ነው? ገንዘቡ ባንድ ጊዜ ካልተገኘ፣ ዋጋው ከመጀመሪያው ተቆርጦ፣ ወለድና የመዘግየት ቅጣት ሳይኖርበት፣ በጊዜ ተከፍሎ መግዛት ሐላል መሆኑን ዑለማዎች አስተምረዋል። ነጋዴዎቻችንም ለሚታመን ሰው ይህንን በር ቢከፍቱ ሶደቃ ያህል ይሆንላቸዋል።

የአንዳንድ ሰዎች መላም አለ። ለኮምፒዩተርና ለማንቂያ ደወል መጠባበቂያ የሚሠራውን ዝግ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሞተር ላይ ያስራሉ። በእግር በሚነሳ ሞተር ላይ፣ ለመብራት፣ ለፍሬቻና ለክላክስ ያህል፣ ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም በቁልፍ ለሚነሳ ሞተር የሚያስፈልገውን ኃይል ባንድ ጊዜ ለመስጠት፣ የገጠሩን መንገድ መንቀጥቀጥም ለመቻል አልተሠራም። ስፖንጅ አልብሶ አጥብቆ ማሰር ይረዳል፤ ዕድሜውን ግን አትመኑ። ያለ ባትሪ መንዳትም በብዙ ሞተር ላይ አምፖል ያፈነዳል።

አራተኛ፣ ሲገዙ ዓይንን መክፈት ነው። የጫፎቹን ጭረት እዩ። የተመረተበትን ቀን ፈልጉ፤ ባትሪ መደርደሪያ ላይም ተቀምጦ ያረጃል። አሲድ የሚሞላበት ከሆነ በፊታችሁ ይሞላ። ባትሪውን አሳስራችሁ ትልቁን መብራት አብሩ፣ ክላክስ ንፉ፤ ቮልቱ ባንድ ጊዜ ከወደቀ ተዉት። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ስንት ወር ዋስትና እንዳለው ይጻፍበት። አሮጌውን መልሳችሁ የምትሰጡ ከሆነ የአሮጌውንም የአዲሱንም ዋጋ ለየብቻ ተነጋገሩ፤ የተድበሰበሰ ዋጋ የጠብ ምንጭ ነው።

ከገዙም በኋላ መያዝ አለ። አዲስ የተሞላ ባትሪ በዝግታ ቻርጅ ይደረግ። መጠኑ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ነው፤ ለ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 0.7 አምፔር ያህል ማለት ነው። በየጋራዡ ያለው የጭነት መኪና ቻርጀር ያፈላዋል። ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም። የቧንቧ ውሃም ሆነ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ማዕድን ስላለው አይሆንም። ሞተሩ ለወራት የሚቆም ከሆነ ባትሪውን ፈትታችሁ በየወሩ ቻርጅ አድርጉት። ባዶውን የተቀመጠ ባትሪ የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይጋገርበትና አይመለስም።

አሁን እናቶች እንዲያነቡልን የምንፈልገው ክፍል ነው። ፈረንሳዊው ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ጀምሮ የዚህ ባትሪ ዋና አካል እርሳስ ነው፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሱ ነው። እርሳስ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። ጉዳት የማያደርስ መጠን አለው ተብሎ አይታወቅም። በሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ ቲያሮዬ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር፣ ነዋሪዎች ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ እያወጡ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ወራት ብቻ 18 ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሞቱ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ እንደ እኛው ሪዝቅ ፈላጊ ድሆች ነበሩ። ስለዚህ አሮጌ ባትሪ ከአልጋ ሥር፣ ከማድ ቤት፣ ልጆች ከሚጫወቱበት ግቢ አይቀመጥ። በቤት አይሰበር፣ አይቀለጥ፤ አሲዱም ወደ ቦይ ወይም ወደ ቡናውና እንሰቱ ሥር አይደፋ። ሳይከፈት ለሚረከብ ነጋዴ ወይም ጋራዥ ይመለስ። ቆራሌው ሲመጣም ልጆች ሳይሆኑ አዋቂ ያስረክብ። አሲድ ሰውነት ላይ ቢፈስ ወዲያው በብዙ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ዓይን ከሆነም እያጠቡ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ወደ ሻጩ እንመለስ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ቢያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገ ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ዝናቡን ነጋዴው አላዘነበውም፤ ጥፋቱ መሸፈኑ ነበር። ያገለገለ ባትሪ መሸጥም ነውር አይደለም። ያገለገለውን አጥቦ አዲስ ማለት ግን እርጥቡን እህል ከሥር መቅበር ነው።

ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) የኩፋ ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሐፍስ የተባለ ሸሪካቸው ነውር ያለበትን ጨርቅ ለገዢው ሳይናገር ሸጠው፤ ገዢውም ማን እንደሆነ አልታወቀም። ኢማሙ ይህንን ሲሰሙ የዚያን ሽያጭ ገንዘብ በሙሉ ሶደቃ አደረጉት ተብሎ ይተረካል። ትርፉን ብቻ ነጥለው አላስቀሩም፤ ሁሉንም ነው የሰጡት። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው ስሙ ከሺህ ዓመት በላይ የዘለቀው።

እኛ በጌዴኦ ያለን ሙስሊሞች ከብዙ እምነት ተከታዮች ጋር በሰላም የምንኖር ነን። ጎረቤቶቻችን ቁርኣንን ላያነቡ ይችላሉ፤ የእኛን ሚዛን፣ የእኛን ዕቃና የእኛን ቃል ግን በየቀኑ ያነባሉ። ወጣቶቻችን ሆይ፣ ነገ ሱቅ ስትከፍቱ ወይም በጋራዥ ስትቀጠሩ ያገለገለውን ባትሪ «ያገለገለ» የሚል ወረቀት ለጥፋችሁ ለብቻ ደርድሩት። የቀረውን አቅም በቴስተር ለክታችሁ ለገዢው ንገሩት። ዋጋው ዝቅ ይል ይሆናል፤ በረካው ግን አይቀንስም ኢንሻአላህ።

ያ ጎረቤቴ በተመለሰለት ገንዘብ ላይ ጥቂት ጨምሮ ሌላ ባትሪ ገዛ። ከየት እንደገዛ ስጠይቀው ሳቅ ብሎ «ከዚያው ሱቅ ነው» አለኝ። «ገንዘብ የሚመልስ ሰው ካገኘሁ ወዴት እሄዳለሁ?»

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።