ከነፍሰ ጡር መዝገብ ተሰርዘው ከወላድ መዝገብ ያልገቡ እናቶች አቤቱታ

ለክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ጽንስ ለወረደባቸው እናቶች የሚሰጠው ሕክምናና ድጋፍ እንዲስተካከል ስለ መጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

እኛ አመልካቾች በምሥራቅ ጎጃም ዞን በእነርጅ እናውጋ ወረዳ፣ በደብረ ወርቅ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የምንኖር ሴቶች ነን። አብዛኞቻችን የገበሬ ሚስቶች ነን፤ ጠላ ጠምቃ የምታድርም፣ በትምህርት ቤት የምታስተምርም ከመካከላችን አለች። አንድ ያደረገን ነገር ቢኖር ሁላችንም አርግዘን ጽንሱ ቀኑ ሳይደርስ የወረደብን መሆናችን ነው። ማመልከቻውን የጻፈችልን አስተማሪዋ ናት፤ ቃሉ ግን የሁላችን ነው።

አቤቱታችንን ከማሰማታችን በፊት ስለተደረገልን ነገር ማመስገን ይገባናል። በእናቶቻችን ዘመን ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተይዛ መንገድ ላይ ትቀር ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተጀመረው ሥራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመድበው ደጃችን ድረስ መጥተዋል። ወረዳዎች አምቡላንስ አግኝተዋል። መውለጃዋ የተቃረበ ሴት በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ገብታ፣ ገንፎ እየተገነፋላት፣ ቡና እየተፈላላት ቀኗን ትጠብቃለች፤ ስትወልድም ገንዘብ አትጠየቅም። ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው።

አቤት የምንለው ይህ ሁሉ ደግነት «ወላድ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ስለሚቆም ነው። ስናረግዝ ስማችን በነፍሰ ጡር መዝገብ ይሰፍራል። ጽንሱ ሲወርድብን ከዚያ ይሰረዛል። ወደ ወላድ መዝገብ ግን አይዛወርም፤ አልወለድንማ። በሁለቱ መዝገቦች መካከል ደም እየፈሰሰን የቀረን ሰዎች ነን። የደረሰብንን ከነጊዜው ከዚህ በታች እናስረዳለን። የተቋሙንና የባለሙያዎቹን ስም ያልጻፍነው ፈርተን አይደለም፤ ልጆቻችን ናቸውና እንዲቀጡ ስለማንፈልግ ነው።

ነሐሴ 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር የነበረች እኅታችን የጤፍ አረም ላይ እንዳለች ደም ፈሰሳት። ባሏ ስልክ ደወለ። «ምጥ ነው?» ተባለ። «ኧረ ገና አራት ወሯ ነው፤ ደም ነው እንጂ» ቢል፣ አምቡላንሱ ለወላድ ነው የሚል መልስ ተሰጠው። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ እየተፈራረቀ፣ በጭቃ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ከዋናው መንገድ አደረሳት፤ ከዚያ በአይሱዙ ተጫነች። ስትደርስ ፊቷ እንደ ጥጥ ነጥቶ ነበር። ነፍሷ ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን የጤና መድን መዋጮዋን በየዓመቱ የምትከፍል ሴት ሆና ሳለ መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ ስለተባለ፣ የቤቷን አንድ ጊደር ሸጠዋል። ደም ከምጥ እኩል የሚገድል መሆኑን ለክቡርነትዎ መንገር ድፍረት ይሆንብናል። ሕክምናውም ቢሆን ሩቅ አገር የሚያስኬድ አይደለም፤ በማኅፀን የቀረውን ለማውጣት በእጅ የሚሠራ መምጠጫ ወይም የሚዋጥ መድኃኒት እንዳለ፣ የሠለጠነች አዋላጅ ነርስም በጤና ጣቢያ ልትሠራው እንደምትችል ባለሙያዎቹ ራሳቸው ነግረውናል።

ሁለተኛው በደል የቃል ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ያቆሰለንም እሱ ነው። በአማርኛችን «አስወረዳት» እና «አስወረደች» የሚለያዩት ለጥቂት ነው። በመጀመሪያው ቃል ሴቲቱ ተጎድታለች፤ በሁለተኛው አድርጋዋለች። ካርዳችን ላይ የሚጻፈው ግን ለሁለቱም «ውርጃ» የሚል አንድ ቃል ነው። ካርዱን የሚያነበው ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ፊቱ ላይ እናየዋለን። ጥር 2015 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከእኛ አንዷ በኮሪደር ላይ ወረፋ ከያዘው ሰው ፊት «ምን ጠጣሽ? ማን ሰጠሽ?» ተብላ ጮክ ባለ ድምፅ ተጠየቀች። ከወረፈኞቹ አንዷ የመንደሯ ሰው ነበረች። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ገባ። እስከ ፋሲካ ድረስ ከባሏ ጋር በአንድ መሶብ አልቀረቡም። ያ ልጅ ከሠርጓ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሳለችበት ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ስለ ጽንስ ማቋረጥ የሚለውን ይላል፤ ፍርዱ የዳኛ እንጂ የካርድ ክፍል አይደለም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም. መመሪያ አውጥቶ፣ በኋላም አሻሽሎ፣ ጽንስ ለተቋረጠባት ሴት ሕክምና፣ ምክርና ክትትል እንዲሰጥ አዝዟል። እንግዲህ በፈቃዷ ያስወረደች ብትሆንስ? ደሟ ሳይቆም ምርመራ ይቀድማልን? ይህን የምንለው ለራሳችን ብቻ አይደለም። እንደ ሐኪሞች ቃል ከታወቁ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት በራሳቸው ይወርዳሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወርደው አብዛኛው ጽንስ ከጥንስሱ በትክክል ሳይሠራ የቀረ ነው። እኛ ግን በአምሮት፣ በወጥ ሽታ፣ እንስራ በማዘል እያሳበብን ራሳችንን ስንረግም ከረምን። «ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» የሚል አንድ ባለሙያ ብናገኝ ኖሮ ስንት ሌሊት በተኛን ነበር።

ሦስተኛውን ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል። ኅዳር 2016 ዓ.ም.፣ ከሚካኤል ዋዜማ ጀምሮ ያመማት አንዲት እናት፣ ስድስት ወር ያለፈው፣ ሆዷ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ልጅ ወረደባት። በአገራችን ሕክምና ከ28 ሳምንት በፊት የወጣ ሁሉ ውርጃ ተብሎ ይመዘገባል፤ እሷ ግን አምጣለች፣ ወልዳለች። ያስተኟት ከአራሶች መካከል ነው። በስተቀኟም በስተግራዋም ሕፃን ያለቅሳል፤ ጠያቂ ገንፎ ይዞ እየገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፤ ወደ እሷ ሲዞር የሚለው ይጠፋዋል። በሦስተኛው ቀን ጡቷ ወተት አጋተ። ወተት ሊመጣ እንደሚችል፣ ሲመጣም ምን እንደምታደርግ የነገራት አልነበረም። የልጇን ሬሳ እንዲሰጧት ባሏ ቢጠይቅ «ተወግዷል» ተባለ። ወዴት እንደተወገደ እስከ ዛሬ አልተነገራትም። ክርስትና ላልተነሣ ጽንስ ለቅሶ የሚቀመጥ፣ ድንኳን የሚተክል እድር የለንም፤ ይህ የእኛው ልማድ ነውና ለክቡርነትዎ የምንከስሰው አይደለም። ነገር ግን የመንደር ለቅሶ የሌለው ሐዘን ቢያንስ በሐኪም ቤት አሥር ደቂቃ የሚያዳምጠው ሰው ቢያገኝ ብዙ አልነበረም።

አራተኛው የሾተላይ ነገር ነው። ሾተላይ የሚለውን ስም ከአያቶቻችን ሰምተናል፤ ልጅ የሚነጥቅ መንፈስ ነው ይሉት ነበር። አሁን ሐኪሞቹም በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። የእናት ደም ኔጌቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ወይም በውርጃ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናት ሲቀላቀል፣ የእናት ሰውነት እንደ ጠላት ይመዘግበውና የሚቀጥለውን ልጅ ደም ያፈርሳል። መከላከያው መርፌ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት አለበት። ከእኛ አንዷ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ወልዳለች፤ ዛሬ ስምንት ዓመቱ ነው። ሁለተኛው በአምስት ወሩ ወረደ። ሦስተኛውና አራተኛው ሰባት ወር ሳይሞሉ ሞተው ወጡ። ጠበል ተጠመቀች፣ ክታብ አሰረች፤ ባሏ እንዲፈታት የመከሩት ዘመዶች ነበሩ። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ሄዳ ስትመረመር ደሟ ኔጌቲቭ መሆኑ ተነገራት። መርፌውን ብትጠይቅ «አሁንማ አይጠቅምሽም፤ ጊዜው አልፏል» አሏት። በአራት እርግዝና የደም ዓይነቷን ያየላት ሰው አልነበረም። ይህ ጠብታ ደም ወስዶ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ክቡርነትዎ። መርፌውም ለሌሎቻችን ሲታዘዝ ከግል መድኃኒት ቤት ፈልጉ እንባላለን፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር 72ቱ ሰዓት ቤታችን ውስጥ ያልቃል።

ከሐኪም ቤት ከወጣን በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ የምንናገርለት ነገር ስላልተደረገ ነው። ወላዷን ባለሙያ ቤቷ ድረስ መጥታ ትጠይቃለች፤ እኛን ግን መጥታ የጠየቀችን የለችም። ደም ለፈሰሰው ሰው የሚገባው የአይረን ኪኒን ለአንዳንዶቻችን ተሰጥቷል፣ ለአንዳንዶቻችን ተረስቷል። የዓለም የጤና ድርጅት ከውርጃ በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየትን እንደሚመክር ያወቅነው ይህን ማመልከቻ ስንጽፍ ነው፤ ከእኛ ሁለቱ በሁለተኛው ወር አርግዘው ደግመው አጥተዋል። አስተማሪዋ በአራተኛው ቀን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማለች። በህንድ አገር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1961 በወጣ ሕግ ጽንስ የወረደባት ሠራተኛ ስድስት ሳምንት ከደመወዟ ጋር እንደምታርፍ ያነበበችው እሷ ናት። ስትነግረን ገበሬዎቹ ሳቅን፤ የእኛን አረምና ወፍጮ ማን ፈቃድ ይሰጠዋል ብለን።

ዝም ብለን አልመጣንም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በቃል አመለከትን፤ «ይታያል» ተባልን። በዚያው ክረምት አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌ ላክን፤ በአክብሮት ተቀብለው ሸኟቸው። ጥቅምት 2016 ዓ.ም. በጽሑፍ አቀረብን፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ መልስ አልወለደም። የአስተያየት መስጫ ሣጥን አለ ቢሉን አስተማሪዋ ጽፋ ጨመረች፤ በኋላ ስንጠይቅ የሣጥኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ተዛውሯል አሉን። ሳናጉረመርም ሁለት ዓመት የጠበቅነው መንገዱም አገሩም ታሟል ብለን ነው። ነገር ግን ማኅፀን አገር እስኪረጋጋ አይጠብቅም።

የምንለምነው እንግዲህ ይህን ነው። ደም የሚፈስሳት ነፍሰ ጡር፣ ወሯ ስንትም ይሁን፣ አምቡላንስ ከወላድ እኩል ይታዘዝላት፤ ሕክምናዋም እንደ ወሊድ ሕክምና ያለ ክፍያ ይሁን። የደም ዓይነት በመጀመሪያው የእርግዝና ምርመራ ይታይ፤ የሾተላይ መርፌ ለሚያስፈልጋት እንዲደርስ ደብረ ወርቅ፣ ቢቸናና ሞጣ ላይ ይቀመጥ። ከነፍሰ ጡር መዝገብ የተሰረዘች ሴት ስሟ ሌላ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ በሳምንቱም በስድስተኛው ሳምንትም ባለሙያ ትጠይቃት። የልጇን ሬሳ መውሰድ ትፈልግ እንደሆነ እናቲቱ ትጠየቅ። የቀረው ገንዘብ አይፈልግም፤ አልጋዋን ከአራሶች ለይቶ መጋረጃ መስቀል፣ በር ዘግቶ መጠየቅና ድምፅን ዝቅ ማድረግ በጀት አያሻውም።

የዚህ አገር ሰው አቤት ማለትን የጀመረው ዛሬ አይደለም። አባቶቻችን በሞጣና በቢቸና በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ተነሥተው፣ ነገሩ ጦር እስከ ማዝመት ከደረሰ በኋላ ጠቅላይ ገዥው ተነሥቷል፣ ውዝፍ ግብሩም ተምሮላቸዋል። የእኛ ልመና ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ማንም ከሥልጣኑ እንዲነሣ አንጠይቅም፤ የሚያመሳስለን አቤት ማለታችን ብቻ ነው፤ አቤቱታ ማቅረብም ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 የሰጠን መብት ነው። ክቡርነትዎ ቢፈቅዱ ይህ ሁሉ በአንድ ደብዳቤ የሚታዘዝ መሆኑን እናምናለን። መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲደርሰን በትሕትና እንለምናለን።

መጻፍ የምንችለው ፈርመናል፤ የማንችለው አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን አትመናል። የሁላችንም ካርድ ቅጂ ከዚህ ማመልከቻ ጋር ተያይዟል፤ «ውርጃ» የሚለውን ቃል በእርሳስ አስምረንበታል።