ሰርገኛ ጤፍ ክልስ አይደለም

ጅቡቲ ከተማ ዳር ያለው ፔካ 12 እህል የሚያልፍበት እንጂ የሚበቅልበት ቦታ አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ስንዴ በዚህ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይወጣል። ስለዚህ «የባሕር ማዶው ስንዴ ከጆንያ ፈስሶ ማሳ ላይ ከበቀለ የአገሩን ዘር ያዳቅልና ያበላሸዋል» የሚል ስጋት እዚህ ቢነሣ አይገርምም። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ተከሳሹን ግን ስቷል። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ሰብሎች ናቸው፤ አበባው ገና ሊከፈት ሲል የራሱ ብናኝ እንስቲቱን ያገኛታል። ከቅርፊቱ ያመለጠ የስንዴ ብናኝም ሙቀት ላይ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይሞታል። ዘሩን የሚቀላቅለው አውድማው፣ መውቂያውና ያልተራገፈው ጆንያ ነው።

ሰርገኛ ጤፍን ተመልከቱ። ብዙ ሰው ነጭና ቀይ ጤፍ ተዳቅለው የወለዱት ይመስለዋል። መዳፍ ላይ ሲበተን ግን ነጩ ነጭ፣ ቀዩ ቀይ ነው፤ ቅልቅል እንጂ ክልስ አይደለም። ጤፍ በተፈጥሮ ከሌላ ዝርያ ጋር የሚዳቀለው ቢበዛ ከመቶ አንድ ጊዜ ነው። ጤፍን በእጅ ማዳቀልም ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር፤ አበባው ጥቃቅን ነው፣ መቼ እንደሚከፈትም የሚያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጤፍ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ ሰዓቱን አገኙት፦ ንጋት ላይ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ። ያ አጭር ጊዜ ነው በኋላ ቁንጮን የወለደው። ቁንጮ ተመራማሪዎች ደብረ ዘይት ላይ ማኛ የተባለውን ዝርያ ንጣትና ዱከም የተባለውን ዝርያ ምርታማነት አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት የጤፍ ዝርያ ነው።

«እንዲህ ከሆነ ይህ ሁሉ የአገራችን ዝርያ ከየት መጣ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ በመቶ ለአንድ ክረምት ኢምንት ነው፤ ለሺህ ዓመታት ግን ብዙ ነው፣ ገበሬው ደግሞ ወጣ ያለውን ዘለላ እየመረጠ አኑሮታል። ማሽላ ከእነዚህ ይለያል፤ እንደ ዝርያው ከ5 እስከ 30 በመቶ ስለሚዳቀል ማሳ ከማሳ ማራቅ ይፈልጋል። በቆሎማ ከናካቴው የነፋስ ልጅ ነው። የስንዴና የጤፍ ገበሬ ግን ዘሩን ከጎረቤት ማሳ ነፋስ ለማዳን መድከም የለበትም። ለዘር የሚቀመጠው መጀመሪያ ለብቻው ይወቃ፤ የሚገባበትም ጆንያ የዕርዳታ ስንዴ የተራገፈበት አይሁን።