የመመረቂያ ጥናት ምን ይለካል?

በሳይንስ ትምህርት ክፍሎቻችን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት መሥራታቸው የተለመደ ነው። ርዕስ ይመርጣሉ፤ ፕሮፖዛል ያቀርባሉ፤ መረጃ ይሰበስባሉ፤ በመጨረሻም ጥናቱን አስጠርዘው በፈታኞች ፊት ይቀርባሉ። ታዲያ ነጥብ ሲሰጥ የሚመዘነው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው የተጠረዘው ወረቀት እንጂ ተማሪው የተማረው አይደለም።

ለምሳሌ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበትን የሆሳዕናን አካባቢ እንውሰድ። በሐድያና በከምባታ እንሰት የጓሮ ተክል ብቻ ሳይሆን የዕለት ምግብም ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ለይተው አሳውቀዋል፤ ይኸው በሽታ በ2001 (እ.ኤ.አ.) በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታየ። አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ ይህን በሽታ ለጥናቷ መረጠች እንበል። ከታመመው ተክል ባክቴሪያውን ለይታ ማሳደግ፣ ጤነኛ ችግኞችን በእርሱ መውጋት፣ ምልክቱ እስኪታይ መጠበቅ፣ ከዚያም ያንኑ ባክቴሪያ ከታመሙት ችግኞች መልሳ ማግኘት ይጠበቅባታል። ንጹሕ ውሃ ብቻ የተወጉ ችግኞችንም ለማነጻጸሪያ ማስቀመጥ አለባት። (ብዙ ጥናት የሚሰናከለው ቀላል በምትመስለው በዚህች ነገር ነው።) ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ሴሚስተሩ ግን አይጠብቃትም።

ችግኞቹ ምልክት ሳያሳዩ ጊዜው ቢያልቅስ? ያሰበችው ለምን እንዳልሆነ በምክንያት የምታስረዳው ይህች ተማሪ፣ ያማረ ሠንጠረዥ ከሌላ ጥናት ከገለበጠው ጓደኛዋ ይልቅ ሳይንስን ተምራለች። ወረቀቱ ብቻ ከተመዘነ ግን ብልጫው የገልባጩ ነው። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር ያማረ ጽሑፍ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያዘጋጅ ችግሩ ብሷል።

ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በ2015 ዓ.ም. በስፋት የተጀመረው የመውጫ ፈተና ይህን ክፍተት ይሞላል ሊባል ይችላል። ፈተናው ተማሪው የሚያውቀውን ያሳይ ይሆናል፤ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ ግን በምርጫ ጥያቄ አይታወቅም።

ስለዚህ ከጥናቱ ነጥብ ግማሽ ያህሉ ለሥራው ሂደት ይሰጥ እላለሁ። ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ፣ የተሳሳተውን ሳይፍቅ፣ በየቀኑ የመስክ ማስታወሻ ይያዝ፤ አማካሪውም በየሁለት ሳምንቱ አይቶ ይፈርምበት። የፈታኞች የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ጠብቀህ ነበር? ምንስ አገኘህ?» የሚል ይሁን። ይህ የመምህራንን ጊዜ እንደሚሻማ አይካድም። አንድ አማካሪ ብዙ ተማሪ በያዘበት ክፍል በቡድን ማሠራት ግድ ሊል ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ማስታወሻው የየራሳቸው፣ ጥያቄውም ለየብቻቸው መሆን ይኖርበታል።