አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ቡራዩ፣ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ የነበረው ተማሪ አሳይመንቱን በቴሌግራም ላከላት፤ ባለሱቋ ከፈተችው፣ ኮቨር ፔጅ ሠራችለት፣ የአምስት ልጆች ስም ደረደረችበት። ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ይቺን ላጥፋልህ?» አለችው። መጨረሻው ላይ «ከፈለጉ አሳጥሬ ላቀርብልዎ እችላለሁ» የምትል የእንግሊዝኛ መስመር ቀርታ ኖሯል። ልጁ አላያትም። እሷ ግን ለምዳዋለች።

በየኮሌጁ «ኤአይን በኃላፊነት ተጠቀሙ» ይባላል። ምክሩ ክፋት የለውም፤ የሚያናድደኝ ኃላፊነቱ ተማሪው ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቁ ነው። ቻትጂፒቲ ሥራ የጀመረው ኅዳር 2015 ነው። ከዚያ በፊትስ? «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ በየምሰሶው ተለጥፎ አልነበረም? ማማከሩ ምን ማለት እንደሆነ ከፋዩም፣ ተከፋዩም፣ መምህሩም ያውቁታል። ማሽኑ ያደረገው ዋጋውን ማርከስ ነው። በ2015 መጨረሻ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ከወሰዱት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። እነዚያ ልጆች ደግሞ አብዛኛውን ኮርሳቸውን የጨረሱት ያለ ቻትጂፒቲ ነው።

አንዳንዱ መምህር የኤአይን ጽሑፍ በሚለይ መርማሪ ሶፍትዌር ይተማመናል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል ድርሰቶች ለሰባት መርማሪዎች ቢሰጡ፣ በአማካይ ከ60 በመቶ በላዩን «ማሽን ጻፈው» አሏቸው። በኦሮምኛ አፉን ፈትቶ፣ አማርኛን ከጎረቤት ለምዶ፣ በእንግሊዝኛ የሚማር የሰበታ ልጅ በዚህ ሚዛን ይመዘን?

እስቲ የአሳይመንቱን ጥያቄ እንየው፦ «የውሃ ብክለት መንስኤና መፍትሔ፣ አሥር ገጽ»። ማሽን ቢመልሰው ምን ይገርማል? ይልቅ ተማሪዎቹ ሰበታ ላይ ወንዙ ከፋብሪካዎቹ በላይና በታች ምን እንደሚመስል አይተው ይምጡ፤ በዚያ ውሃ አትክልት የሚያጠጣ ካለም ያነጋግሩት። የሱሉልታ ወተት አዲስ አበባ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ በየእጁ ስንት ብር እንደሚጨመርበት ይከተሉ። የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ ውሃ ይልካል፤ ቡራዩ ውስጥ ጀሪካን የተሸከመችውን ሴት ከየት እንደቀዳች ይጠይቋት። ከዚያ በኋላ ኤአይ እንግሊዝኛውን ቢያቃናላቸው፣ ሰንጠረዡን ቢያሰናዳላቸው ምን ችግር አለው? ኤአዩን የጠየቁትንና ያረሙትን አያይዘው ያስገቡ፤ አምስት ደቂቃም በቃል ይጠየቁ።

«መቶ ተማሪ ይዤ?» ይላል መምህሩ። እውነቱን ነው፤ ደመወዙም ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው ያሯሩጠዋል። እንግዲያው የማይነበቡ አራት አሳይመንቶችን ትቶ የሚነበብ አንድ ይስጥ።

መምህር፣ የሚቀጥለውን አሳይመንት ከመስጠትዎ በፊት ጥያቄውን ራስዎ ቻትጂፒቲ ላይ ይጻፉት። በአንድ ደቂቃ ከመለሰው ለተማሪዎ አይስጡት።